ዝገትን በቀለም መሸፈን ማደስ አይደለም

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለብረትም ይሠራል። ብረት ሲታመም አያቃስትም፤ ትኩሳትም አይታይበትም። ሕመሙ ዝገት ነው፤ ዝገትም የሚጀምረው ዓይን ከማያየውና እጅ ከማይደርስበት ስፍራ ነው። ባለቤቱ ጥፋቱን የሚያውቀው ቀለሙ እንደ ብጉር አበጥ አበጥ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ግን ብረቱ ከውስጥ ከተበላ ሰንብቷል።

በዛሬው ዘመን የወደቀ አሮጌ አውቶሞቢል አንሥቶ በገዛ ግቢው ውስጥ የሚያድስ ሰው በብዙ አገር ይገኛል። ሥራው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ «መኪናዬን አደስኩ» የሚለው ንግግር እጅግ በተራራቁ በሁለት ሥራዎች ላይ ሲነገር ይሰማል። አንደኛው ሰው የተበላውን ብረት ቆርጦ አውጥቶ፣ በስፍራው ጤናማ ብረት በይዶ፣ ከዚያ በኋላ ቀለም የቀባው ነው። ሁለተኛው ሰው ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ በላዩ የሚያብረቀርቅ ቀለም የነፋበት ነው። ሥራው ባለቀ በማግሥቱ ሁለቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ ከመንገድ የሚያይ ሰው አይለያቸውም። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ልዩነታቸው ለሕፃን እንኳ አይሰወርም፤ ልዩነቱም የመልክ ብቻ ሳይሆን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የዝገትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ብረት ከውሃና በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ወደ ቡናማና ተፈርፋሪ ነገር ይለወጣል። ይህም ነገር እርጥበትን ይዞ ስለሚያቆይ ከሥሩ ያለውን ጤናማ ብረት እንደገና ለጥፋት ያጋልጠዋል። ደግሞም ከተወለደበት ብረት ከሁለት እጥፍ የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል፤ ተጣብቀው የነበሩትን ላሜራዎችም ፈልቅቆ ያለያያል። ጨው የገባበት ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ ሥራውን ያፋጥንለታል። እንግዲህ በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም በእርጥብ መሬት ላይ እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ነው፤ ላዩ ያማረ ሆኖ ሳለ ሥሩ ይበሰብሳል።

የምጽዋና የአሥመራ ሰዎች ይህን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያውቁታል። ቀይ ባሕር ከዓለም ባሕሮች ሁሉ እጅግ ጨዋማ ከሆኑት አንዱ ነው፤ በምጽዋ ያለው አየርም ሞቃትና እርጥብ ነው። አሥመራ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች አየሯ ቀዝቃዛና ደረቅ ያለ ነው። በአንድ ቀን ከአንድ መርከብ የወረዱ ሁለት መኪናዎች አንዱ በወደቡ ቢቀር፣ ሁለተኛው ተራራውን ወጥቶ ቢኖር፣ ዕድሜያቸው እኩል ሆኖ ጤናቸው እኩል አይሆንም። በአውሮፓ ሰሜን በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን በዚያ የነበሩት የዘመኑ መኪናዎች አብዛኞቹ በዝገት አልቀዋል። በደጋው አገር የተረፉት ግን በከፊል የተረፉት በአየሩ ቸርነት ነው።

ከነዚህ ከተረፉት መካከል ሕዝቡ «ሰይቸንቶ» እያለ የሚጠራው ፊያት 600 ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1955 በጄኔቭ ኤግዚቢሽን ሲሆን፣ የነደፈው ዳንቴ ጃኮሳ የተባለው ስመ ጥር የፊያት መሐንዲስ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ሞተሩ በስተኋላ የተቀመጠ፣ በመጀመሪያ 633 ሴ.ሴ. የነበረና በ1960 ወደ 767 ሴ.ሴ. ያደገ ነበር። በጣልያን አገር መሠራቱ በ1969 ቢያበቃም በስፓኝ «ሴአት»፣ በዩጎዝላቪያም «ዛስታቫ» እየተባለ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ተሠርቷል። መለዋወጫው እስከ ዛሬ ተፈልጎ የሚገኘውም ስለዚህ ነው።

በዚህ መኪና አሠራር ውስጥ አዳሹ ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የጭነት መኪና አካሉ ቢበሰብስ ሁሉን የሚሸከም ወፍራም ሻንሲ ከሥር አለው። ፊያት 600 ግን የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ሸክሙን የሚችለው አካሉ ራሱ ነው። ወለሉ፣ ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የተዘረጉት ሣጥን መሰል ደፎች፣ የፊትና የኋላው ግድግዳ፣ ሁሉም እርስ በርሳቸው ተጋግዘው መኪናውን ያቆሙታል። የላሜራውም ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነው። ስለዚህ በደፉ ላይ የተገኘ ቀዳዳ የመልክ ጉድለት ሳይሆን የቤት ምሰሶ መበላት ነው። ምሰሶው ምስጥ የበላው ቤት በኖራ ተለስኖ ቢያምር ማንም አስተዋይ ሰው ልጆቹን በውስጡ አያስተኛም።

አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰው እንዲህ ያለ መኪና አለው እንበል። መኪናው ከዋርካ ሥር አሥራ አምስት ዓመት ቆሟል፤ ዶሮዎችም አድረውበታል። ልጁ የአባቱን ስም ለማስጠራት፣ በዓሉም ከመድረሱ በፊት በጎዳና ለመታየት ይቸኩላል። ገንዘቡ ጥቂት ስለሆነ ስቱኮና ቀለም ይገዛል። በሦስት ሳምንት ውስጥ መኪናው እንደ ሙሽራ ይወጣል፤ ጎረቤቱም ያደንቀዋል። በዓመቱ ችግር ይመጣና መኪናውን ለአንድ ባለ ትዳር ይሸጠዋል። ገዢው የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ ቁልቁለቱን ይወርዳል። አንድ ቀን ጎማው ተንፍሶ ክሪኩን ከጎኑ ሥር አስገብቶ ሲያነሣ፣ ክሪኩ ስቱኮውን ሰብሮ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ሰው ዕድለኛ ነው፤ እውነቱን ያወቀው መኪናው ቆሞ ሳለ ነውና። የወንበሩ ማሠሪያ ወይም የፍሬኑ ቱቦ በጉዞ ላይ የለቀቀበት ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል አያገኝም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ጥፋተኛው ዝገቱ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ዝገቱን አይቶ የሸፈነው ሰው አለና።

ታዲያ ቅን የሆነው አዳሽ ምን ያደርጋል ቢባል፣ ሥራው በመግዛት ሳይሆን በመመርመር ይጀምራል። ምንጣፉን ገልጦ፣ ወንበሮቹን አውጥቶ፣ ካቻቪቴና ትንሽ መዶሻ ይዞ ወለሉንና ደፎቹን ስንዝር በስንዝር ይመታል። ጤናማ ብረት ይጮሃል፤ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው፣ ካቻቪቴውም ይሰርገውበታል። ያገኘውን ሁሉ በደብተር ጽፎ፣ እያንዳንዱን ክፍል ከመፍታቱ በፊት ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ ብሎኖቹንም በየከረጢቱ ለይቶ ስማቸውን ይጽፍባቸዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በመፍታት ጊዜ የዳነ አንድ ሰዓት በመግጠም ጊዜ አንድ ሳምንት ያስከፍላል።

ከዚያም የተበላው ብረት ጤናማው እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል። ደፉ ከመቆረጡ በፊት ግን አካሉ ከሥር በሚገባ መደገፍ፣ የበሩም ክፍት ቦታ ከውስጥ በብረት ዘንግ መወጠር አለበት። ይህ ካልሆነ መኪናው በመካከሉ ይጎብጥና ብየዳው ካለቀ በኋላ በሮቹ አልገጥም ይላሉ። አዲሱ ላሜራ ከአሮጌው ጋር በውፍረት እኩል ሆኖ በነጥብ በነጥብ ይበየዳል፤ በአንድ ትንፋሽ ረጅም መስመር የሚበይድ ሰው ላሜራውን በሙቀት ያጣምመዋል። ብየዳ በአንድ ሳምንት የሚለመድ ሥራ ስላልሆነ፣ እጁ ያልተፈተነ ባለቤት የሸክሙን ክፍል ለሠለጠነ በያጅ ቢሰጥ አያፍርበትም። መፍታቱ፣ መፋቁ፣ ማጽዳቱና መግጠሙ ብቻውን ለአንድ ሰው ብዙ ወራት የሚበቃ ሥራ ነው።

ላይ ላዩን ብቻ የዛገው ብረት ቆርጦ መጣል አያስፈልገውም። በብረት ብሩሽ ተፈትጎ፣ ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት መድኃኒት ቢታጠብ የቀረው ዝገት ቀለም ወደሚይዝ ነገር ይለወጣል። ትንንሽ ዕቃዎችን ደግሞ የልብስ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነክሮ በባትሪ መሙያ ማጽዳት ይቻላል፤ የዛገው ዕቃ በኔጋቲቩ፣ የማይፈለግ ተራ ብረትም በፖዚቲቩ ሽቦ ይታሠራል። በዚህ ሥራ ላይ የማይዝገውን ብረት በፖዚቲቩ በኩል ማሠር መርዝ ያወጣል። ከውሃው የሚወጣውም ጋዝ የሚቀጣጠል ስለሆነ ሥራው በደጅ እንጂ በተዘጋ ክፍል አይሠራም።

ብረቱ ሲጸዳ ሳይውል ሳያድር የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል፤ የተራቆተ ብረት እርጥብ ሌሊት ካደረበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በበሮቹና በደፎቹ ግርጌ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎችም ይፈተሻሉ። እነዚህ ፋብሪካው አስቦበት የተዋቸው የውሃ መውጫዎች ናቸው። ብዙ ሰው እንደ ስሕተት ቆጥሮ በስቱኮ ይደፍናቸዋል፤ በመስኮቱ በኩል የገባው ዝናብ መውጫ አጥቶ በሩን ከውስጥ ይበላዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጤና ጥቂት መናገር ግዴታ ነው። በዚያ ዘመን የተቀባ ቀለም፣ ይልቁንም ቀዩ የዝገት መከላከያ፣ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ የእርሳስ ትቢያም ከሁሉ አብልጦ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅም፤ በውሃ እየረጠበ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ልጆች ርቀው ይፋቃል። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ያለበት ስለሆነ ትቢያውን በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር መንፋት ሳንባን ለማይድን በሽታ ማጋለጥ ነው። በፊያት 600 የቤንዚኑ ታንክ በፊት ኮፈን ሥር ስለሚገኝ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ታንኩ ወጥቶ መራቅ፣ ባትሪውም መፈታት አለበት። ባዶ ነው ተብሎ የተናቀ ታንክ ከሞላው ይልቅ ያስፈራል፤ የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው ተን ነውና። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር የሚገባም ሰው ነፍሱን ለአንድ ጥርስ አደራ ሰጥቷል፤ ጠንካራ ድጋፍ ሳያቆም ሊገባ አይገባውም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ከየት መጣ? በጣልያን ቅኝ አገዛዝ ዘመን ለአገሩ ተወላጅ የተፈቀደው ትምህርት ከአራተኛ ክፍል የማያልፍ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የመማር ፍላጎቱ በዚያ የተገታበት ብዙ ወጣት የገባው ወደ ጋራዥ ነበር፤ በዚያም ዕቃ እያቀበለ፣ ዘይት እያፈሰሰ፣ ማንም ሳያስተምረው በዓይኑ ተማረ። የሙያው ቋንቋ እስከ ዛሬ ይህን ይመሰክራል። ክሪክ፣ ካቻቪቴ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ፍሬቻ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ መጥተው በአማርኛና በትግርኛ የቀሩ ናቸው። ቃላቱ የባዕድ ቢሆኑም እጁ የአገሬው እጅ ነው። መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ መኪናውን በመንገድ ላይ ያቆየው ያ እጅ ነው።

የዚህ እጅ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ የምጽዋና የአሥመራ ባቡር ታሪክ ያስረዳል። በ1911 አሥመራ የደረሰው ይህ 118 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ሐዲድ በጦርነቱ ዓመታት ተነቅሎ ብረቱና እንጨቱ ለምሽግ ሥራ ውሎ ነበር። በ1994 ጥገናው ሲጀመር የተጠሩት ጡረታ የወጡት አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ነበሩ። እነዚህ ሽማግሌዎች ወጣቶቹን እያስተማሩ፣ በመጋዘን የቆሙትን የእንፋሎት ባቡሮችና ፊያት የሠራቸውን ሊቶሪናዎች እየፈቱና እየገጠሙ፣ በ2003 ሐዲዱን እንደገና አሥመራ አደረሱት። ጥገናው ሃያ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘብ ቢገኝ እንኳ የሚያውቅ ሰው ባልተገኘም ነበር። ብረት ቢዝግ በብረት ይተካል፤ ሳያስተምር የሞተ ባለ ሙያ ግን መለዋወጫ የለውም።

«በችግር ዘመን ለአሮጌ ቆርቆሮ ገንዘብና ጉልበት ማፍሰስ ምን ይባላል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጥያቄአቸው የሚናቅ አይደለም። በእርግጥም ደፉ፣ ወለሉና ጎማዎቹ የሚታሠሩበት ብረት ሁሉ አንድ ላይ ያለቀበት መኪና ካለ፣ ጤናማ ክፍሎቹን ለሌሎች መኪናዎች ሰጥቶ ቢያርፍ ይሻላል፤ ይህንንም ቆርጦ መናገር የአዳሹ ሙያ ነው። ለዳነው መኪና የወጣው ድካም ግን በገበያ ዋጋ ብቻ አይመዘንም። አባት ከልጁ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ በር ሲያጸዳ ቢውል፣ ልጁ የብረትን ጠባይ፣ የትዕግሥትን ጥቅም፣ ማንም የማያየውን ስፍራ በሚገባ የመሥራትን ልማድ ይማራል። ይህን ትምህርት የሚሸጥ ሱቅ የለም።

የአሥመራ ከተማ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። በ1938 የተሠራው፣ በጁሴፔ ፔታዚ የተነደፈው፣ ክንፎቹን ያለ ምሰሶ በአየር ላይ የዘረጋው የፊያት ታልዬሮ ቤንዚን ማደያም ከከተማይቱ ዝነኛ ሕንፃዎች አንዱ ነው። ሕንፃው ዓለም የመሰከረለት ጠባቂ አለው። ከእንዲህ ያለው ማደያ ቤንዚን ይቀዱ የነበሩት መኪናዎች ግን በየግቢው ካለው ባለቤታቸው በቀር ጠባቂ የላቸውም። እንግዲህ በግቢው ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቀው ሰው የራሱን ንብረት ብቻ እየጠበቀ አይደለም።

ጠባቂነት ደግሞ እውነትን ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 የተቀበለው የቱሪን ቻርተር፣ ሊድን የሚችለው የቀድሞ ክፍል እንዲጠበቅ፣ የተለወጠውም ሁሉ ተመዝግቦ እንዲታወቅ ይመክራል። ምክሩ ለቱጃሮች ብቻ የሚሆን አይደለም። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል፤ የትኛው ላሜራ እንደ ተለወጠ፣ የትኛው እንደ ተጠገነ፣ የትኛው ሳይነካ እንደ ቀረ ይጻፍበት። መኪናው የተሸጠ ቀን ደብተሩ ከቁልፉ ጋር ለገዢው ይሰጥ። ገዢም ቀለሙን ከማድነቁ በፊት ደብተሩን ይጠይቅ፤ ደብተር ከሌለም ማግኔት ይዞ በደፉ ላይ ያስኪደው። ማግኔት ብረትን እንጂ ስቱኮን አይዝም፤ ለይሉኝታም ብሎ አይዋሽም።

ዝገት ከሰው ቸልተኝነት ጋር አብሮ የሚያድግ ጠላት ነው። ሲገለጥና ሲቆረጥ ይሸነፋል፤ ሲሸፈን ይጠግባል። ስለዚህ የአባቱን መኪና ከዋርካው ሥር ለማንሣት የተነሣው ወጣት የቀለሙን ቆርቆሮ ለጊዜው ያቆየው። አስቀድሞ ምንጣፉን ይግለጥ፤ በሠፈሩም ካሉት አሮጌ መካኒኮች አንዱን ገና ጉልበት ሳለው ጠርቶ ከጎኑ ያስቀምጠው። ቀለሙ በመጨረሻ ይደርሳል።